ውሻው አልናቃችሁም፣ መስማት አቅቶት ነው



ዛሬ ስለ ውሻ ልንጽፍላችሁ ነው። «ስንት ጉዳይ እያለ ስለ ውሻ!» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እውነት ነው፣ ስንት ጉዳይ አለ። የመሽካንታው ዕዳ አለ፣ የልጆቹ ትምህርት አለ፣ ጎንደር የቀሩት ዘመዶች ጉዳይ አለ። ግን እኛ በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ወደ ቤታችሁ ስንመጣ፣ ቡናው ቀርቦ ወሬው ሲጀመር፣ ከበሽታውና ከወረቀቱ ቀጥሎ አንዳንዴ የሚነሳው ያ ሶፋው ሥር የተኛው ያረጀ ውሻ ነው። የሚነሳውም በምሬት ነው።

ታሪኩ ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። ልጁ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ቡችላ አቅፎ መጣ። እናት «ይኼ ነገር ቤቴ አይገባም» አሉ። ልጁ አለቀሰ። «እኔ አበላዋለሁ፣ እኔ አወጣዋለሁ፣ እናንተ እጃችሁን አታነሱም» ብሎ ማለ። ቡችላው ገባ። ልጁ አደገ፣ ጸባ ገባ፣ ከጸባ ሲወጣ ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ሌላ ከተማ ዲራ ተከራየ። ያከራየው ሰው ውሻ አልፈቅድም አለ። ውሻው እናት ቤት ቀረ። ዛሬ ጠዋትና ማታ ገመዱን ይዘው ደረጃ የሚወርዱት፣ ያኔ «አይገባም» ያሉት እናት ናቸው፤ ያውም በሚያማቸው ጉልበት፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ።

አሁን ደግሞ ውሻው መስማት ተወ።

እናቶች ይህን ሲነግሩን «ጆሮው ደከመ» አይሉንም። «ናቀኝ» ነው የሚሉን። «ስጠራው ዞሮ አያየኝም።» «ድሮ ቁልፉ ሲንኳኳ ዘሎ በር ላይ ይደርስ ነበር፣ አሁን ራስጌው ብቆም አይነሳም።» «ሌሊት ዝም ብሎ ይጮሃል፣ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል።» «የልጅ ልጄ ቢነካው አጉረመረመበት፣ ይኼ ውሻ ሳያብድ አልቀረም።» እነዚህ አራቱም ነገሮች ምንጫቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ውሻው አልሰማም። ስላልሰማ አይነሳም፤ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ጩኸቱን አይመጥንም፤ ሰው ሲመጣበት ስለማያውቅ ሲነኩት ይደነግጣል።

ስለ ውሻ ጆሮ ጥቂት እንበል። ቡችላ ሲወለድ ጆሮው የተዘጋ ነው፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ይከፈታል። ከዚያ በኋላ እኛ የማንሰማውን ይሰማል። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ቀጭን ድምፅ ሲሰማ፣ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል። ሲያረጅ ግን በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን ሴሎች እየሞቱ ይሄዳሉ። የሞቱት አይተኩም። ነገሩ በአንድ ቀን አይመጣም፤ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ነው። ውሻው ደግሞ ዓይኑና አፍንጫው ስለሚሠሩ ይሸፍነዋል፤ እናንተ ስትነሱ አይቶ ይነሳል፣ የምግቡን ሽታ ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሳያውቀው ነገሩ ይቆያል።

ለማወቅ ከፈለጋችሁ ቀላል መንገድ አለ። ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቶ ሳለ፣ ከኋላው ራቅ ብላችሁ አንዴ አጨብጭቡ ወይም ቁልፍ አንኳኩ። ወለሉን አትርገጡ፣ ንዝረቱን በሰውነቱ ያውቀዋልና። ጆሮው ካልተንቀሳቀሰ፣ ራሱን ካላነሳ፣ በሌላ ቀንም ሞክራችሁት ያው ከሆነ፣ ናቀኝ የሚለውን ነገር እዚያው ተዉት።

ከዚያ ቬተሪናር ይየው። ያረጀ ውሻ ሁሉ በእርጅና ብቻ አይደለም የማይሰማው። ጆሮው ውስጥ ቆሻሻ ተደፍኖ ወይም ቁስል ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ይታከማል። ራሱን ደጋግሞ የሚያራግፍ፣ ጆሮውን የሚያክ፣ ጆሮው መጥፎ ሽታ ያለው፣ ሲነኩት የሚያመው ከሆነ ቶሎ ውሰዱት። በእርጅና የመጣው ግን መድኃኒት የለውም። ያም ቢሆን ሕመም አይደለም። ውሻው አይሰቃይም። ዓለሙ ጸጥ አለበት እንጂ ሌላው አልቀረበትም፤ ማሽተቱ አለ፣ መብላቱ አለ፣ እግራችሁ ሥር መተኛቱ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ እንፈልጋለን። አንዳንድ ወጣቶች «ወላጆቻችን ውሻ አይገባቸውም» ሲሉ እንሰማለን። እኛ በልጅነታችን በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ1991፣ ከወላጆቻችን ጋር የመጣነው በዚህ አንስማማም። ወገራና ደምቢያ፣ በለሳና ስሜን ያደገ ሰው ውሻን ያውቃል። ውሻ ያልነበረው ቤት የጅብ ሲሳይ ነበር። ማታ ውሻው ሲጮህ አባት ከጩኸቱ ብቻ ጅብ ይሁን ሌባ፣ እንግዳ ይሁን የጎረቤት ከብት ለይተው ያውቁ ነበር። ያ ውሻ ደጅ ያድራል፣ የተረፈውን ይበላል፣ ቤት አይገባም። ቤት የማይገባውም ሰው ስለጠላው አይደለም፤ ሥራው ደጅ ስለሆነ ነው። ንጽሕናም አለ፤ እናቶቻችን በዚያ ላይ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበሩ እናንተው ታውቃላችሁ።

ፍርሃቱም ምክንያት አለው። በእብድ ውሻ ተነክሶ የሞተ ሰው ያላየ ወይም ያልሰማ መንደር ጥቂት ነው። ክትባት በሌለበት፣ ሐኪም ቤት የሁለትና የሦስት ቀን መንገድ በሆነበት አገር፣ ባህሪው ከተለወጠ ውሻ መራቅ እውቀት ነው። ስለዚህ አንዲት እናት «አጉረመረመ፣ አብዷል» ብለው ሲፈሩ አንስቅባቸው። እዚህ አገር ግን ውሻ ሁሉ በሕግ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል። ውሻችሁ ክትባቱ ያልተቋረጠ ከሆነ፣ ያጉረመረመው ደንግጦ ወይም አሞት ነው ብላችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

ነገሩን ስናስበው፣ በአገር ቤት የውሻ ሥራ መስማት ነበር። ጆሮው የጠፋ ውሻ ሥራው ጠፋ ማለት ነው። «ካረጁ አይበጁ» የሚለው አባባል እዚያ ላይ ትርጉም ነበረው፤ ለማይጠብቅ ውሻ የሚተርፍ እህል አልነበረምና። እዚህ ያለው ውሻ ግን ሲመጣ ጀምሮ ጅብ ሊጠብቅ አልመጣም። የመጣው ለልጁ ጓደኛ ሊሆን ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ተናዶ ሲመለስ፣ የሚናገረው ሲያጣ፣ ከውሻው ጋር ክፍሉ ገብቶ በሩን የዘጋበትን ቀን እናቶች ታስታውሳላችሁ። ልጁ ሲሄድ ደግሞ ሥራው ወደ እናንተ ዞረ። ብቻችሁን ስትበሉ አጠገባችሁ የሚቀመጠው እሱ ነው። ይህ ሥራ ጆሮ አይፈልግም። ስለዚህ ውሻው ሥራውን አላቆመም።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይላሉ አባቶች። 13 ዓመት በአንድ ቤት የጮኸ ውሻ ያ ቤት ዕዳ አለበት ብለን እናምናለን። ኦሪታችንም ቢሆን የሰንበትን ዕረፍት ለሰው ብቻ አላዘዘም፣ ለከብቱም አዟል። የማይሰማውን ሰው መስደብም ይከለክላል፤ ያ የታዘዘው ለሰው ክብር መሆኑን እናውቃለን፣ ግን ባልሰማ ፍጥረት ላይ መጮህና መሳደብ ምን እንደሚመስል እዚያ ላይ ተነግሮናል።

አቋማችን ይህ ነው፦ ውሻው በቤቱ ይረጅ፣ ሸክሙን ግን እናት ብቻዋን አትሸከም። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ አይሆንም። አንዳንድ ቤት ውሻው ይጣላል። ሌሊት በመኪና ወስዶ ከከተማ ውጪ መልቀቅ፣ ወይም በር ከፍቶ «ይሂድ» ማለት ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ወንጀልም ነው፤ በ1994 የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ማሰቃየትንም ጥሎ መሄድንም ይከለክላል። መኪና ሲመጣ የማይሰማ ውሻ ደግሞ መንገድ ላይ ብዙ አይቆይም። ሌላ ቤት ውስጥ ውሻው አይጣልም፣ ግን እናት ትጣላለች፤ ልጆቹ በስልክ «ውሻው እንዴት ነው?» ብለው ጠይቀው ይዘጋሉ። እኛ ሁለተኛውንም ልክ አይደለም እንላለን።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ የሚለውን እንይ።

የተኛን የማይሰማ ውሻ ከኋላ አትንኩት። ፊት ለፊት ሂዱ፣ እጃችሁን ወደ አፍንጫው አስጠጉለት፣ ሽታችሁ ይቀሰቅሰዋል። ወይም ከሚተኛበት ራቅ ብላችሁ ወለሉን በእግራችሁ መታ መታ አድርጉ። ማታ ከሆነ መብራት አብሩና አጥፉ። ትንንሽ የልጅ ልጆች ሲመጡ አንድ ሕግ ይኑር፦ የተኛ ውሻ አይነካም። ሕፃንና ውሻ ብቻቸውን አይቀሩም፤ ይህ ለሚሰማውም ውሻ የሚሠራ ሕግ ነው፣ ለማይሰማው ግን ይብሳል። ሌሊት የሚጮኸው አንዳንዴ ተነስቶ ሰው ሲያጣ ነው፤ ትንሽ መብራት ሳይጠፋ ቢያድርና መኝታው እናንተን ከሚያይበት ቦታ ቢሆን የሚረጋጋ ብዙ ነው። እያደር የሚብስ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዞር፣ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ የሚቆም ከሆነ ግን ለቬተሪናሩ ንገሩት፤ እሱ የጆሮ ጉዳይ ላይሆን ይችላል።

ደጅ ሲወጣ ገመዱ አይፈታ። በ2002 የወጣው የውሻ ቁጥጥር ሕግም ከግቢ ውጪ ውሻ ከ5 ሜትር በማይበልጥ ገመድ ይታሰር ይላል። ድሮ «ና» ሲባል የሚመለስ ውሻ ስለነበር ብዙዎች መናፈሻው ጋ ሲደርሱ ይፈቱታል። አሁን ቢጠፋ ስሙን እየጠራችሁ ልታገኙት አትችሉም። ስለዚህ ቆዳው ሥር ያለውን ቺፕ አስፈትሹ። ቺፑ ላይ የተመዘገበው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ልጁ ነው፤ ስልኩም ልጁ ድሮ የነበረው ቁጥር ነው። ለዓመታዊው ክትባት ስትሄዱ «ቁጥሩን ቀይሩልኝ» በሉ። አንገቱ ላይም ስልካችሁ የተጻፈበት ነገር እሰሩለት።

ስለ አዛካም መናገር አለብን። ጆሮው የጠፋ ውሻ ሲሬና አይሰማም፣ አይደነግጥም፤ ተኝቶ ይቀራል። የነጻነት ቀን ርችት ሲተኮስ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አልጋ ሥር ሲገባ እሱ ብቻ እንደሚያንኮራፋው ማለት ነው። በርችቱ ደስ ይላል፣ በአዛካው ግን ችግር ነው። አንዳንድ ከተማ ውስጥ ወደ መጠለያ ለመድረስ ያለው ጊዜ ከ1 ደቂቃ ያነሰ ነው። እናቶቻችን፣ እንለምናችኋለን፦ ውሻውን ፍለጋ በየክፍሉ አትዙሩ። የሰው ነፍስ ይቀድማል። ይልቅ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ማማድ ያለው ቤት የውሻው መኝታ ማማድ ውስጥ ይሁን። ወደ ሚክላት ወይም ወደ ደረጃው የምትወጡ ከሆነ መኝታው በሩ አጠገብ፣ ገመዱም እዚያው ይንጠልጠል። ከደረሳችሁ ትይዙታላችሁ፣ ካልደረሳችሁ ትሄዳላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ውሻውን እንዴት እናናግረው?

በእጅ ነው። ውሻ ከጥንትም ከቃላችን ይልቅ ሰውነታችንን ያነባል፤ ያረጀ ውሻም የእጅ ምልክት ይማራል። ግን እኛ ቤት አንድ ችግር አለ። አያት ሰው ሲጠሩ መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው ጣቶቻቸውን ያጥፋሉ። እዚህ የተወለደው የልጅ ልጅ ደግሞ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ይጠራል፣ ወይም ጭኑን መታ መታ ያደርጋል። አባት «ቆይ» ሲሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ልጁ አምስት ጣቱን ወደ ላይ ሰብስቦ «ሬጋ» ይላል። ውሻው በማን እጅ ይመን? ድሮ ሲሰማ ሁለት ቋንቋ ያውቅ ነበር፤ በአማርኛ «ና» ሲሉትም ይመጣል፣ በዕብራይስጥ «ቦ» ሲሉትም ይመጣል። አሁን አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የሚችለው፣ ያንንም ቤተሰቡ ተቀምጦ መስማማት አለበት።

ስለዚህ አምስት ምልክት ይበቃል፦ ና፣ ቆይ፣ እንውጣ፣ ምግብ፣ ጎበዝ። ለእያንዳንዱ አንድ እጅ፣ ሁሉም ሰው ያው። እኛ የምንመክረው የአያት ምልክት እንዲወሰድ ነው። ቀኑን ሙሉ ከውሻው ጋር ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ልጆቹ በሳምንት አንዴ ለሚመጡት ነገር እሳቸው እጃቸውን አይለውጡ። የልጅ ልጅ ከአያቱ የእጅ ቋንቋ ይማር። በብዙ ነገር አያት ናቸው ከልጅ ልጅ የሚጠይቁት፤ የስልኩን፣ የወረቀቱን፣ የቲቪውን። በዚህ ግን አስተማሪዋ እሳቸው ይሆናሉ። አማርኛ የማይችለው ልጅና ዕብራይስጥ የሚከብዳቸው አያት ወለል ላይ ቁጭ ብለው ለአንድ ያረጀ ውሻ «ና» የሚለውን አብረው ሲያስተምሩ ቢታዩ እኛ ደስ ይለናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምልክቱን አሳዩት፣ ሲመጣ ወዲያው ትንሽ የሚበላ ነገር ስጡት። በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ለጥቂት ሳምንት። አትቆጡት። የምትሰጡት ነገር ግን ወጥ የነካው እንጀራ አይሁን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ደሙን ይጎዳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም አትስጡት፣ እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ቁራጭ፣ ወይም የራሱ የውሻ ምግብ ይበቃል።

ወደ ሸክሙ እንመለስ። እዚህ ላይ እንግዲህ የምንናገረው ለእናንተ ለወላጆች ነው፣ ልጆቻችሁም እንዲሰሙት እንፈልጋለን።

«ልጆቼን አላስቸግርም» የሚለውን ቃል በየቤቱ እንሰማዋለን። ለኩፓት ሆሊም ቀጠሮ ልጅን አያስቸግሩም፣ ለዒሪያ ደብዳቤ አያስቸግሩም፣ ለውሻውም አያስቸግሩም። ክብር ነው፣ እናውቃለን። ግን ልጁ ሳይነገረው እንዴት ያውቃል? እሱ ከሩቅ የሚያስበው ውሻው ድሮ እንዳለ ነው። እናት ከቢቱዋህ ለዑሚ ከሚያገኟት ቂጽባ ላይ ለቬተሪናር እንደሚከፍሉ፣ በክረምት ዝናብ ርጥብ ደረጃ እንደሚወርዱ አያውቅም። ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ያኔ ያውቃል። ያኔ ግን ረፍዷል።

ስለዚህ በስልክ ሳይሆን በአካል፣ ልጆቹ ለሰንበት ሲሰበሰቡ፣ እንዲህ በሏቸው፦ «ውሻው አርጅቷል፣ አይሰማም። እኔ እወደዋለሁ፣ ብቻዬን ግን አልችልም።» ከዚያ ይከፋፈል። የቬተሪናሩንና የፈቃዱን ክፍያ ማን ይችላል? ምግቡን ማን በየወሩ ያመጣል? ማታ ማታ ማን ያወርደዋል? ቅርብ ያለ ልጅ ከሌለ፣ ለሰፈር ልጅ ትንሽ ከፍሎ ማታ እንዲያወጣው ማድረግ ይቻላል፤ ክፍያው ከልጆቹ ኪስ ይሁን። ቺፑ ላይ ስሙ ያለው ልጅ በሕግም ባለቤቱ እሱ መሆኑን ያስታውስ።

የማይቻልበት ቤት እንዳለም እናውቃለን። እናት ታመው ሆስፒታል የሚመላለሱ ከሆነ፣ አባት መራመድ ካቃታቸው፣ ከልጆቹም የሚወስደው ከጠፋ፣ ውሻው ሌላ ጥሩ ቤት ቢሄድ ነውር አይደለም። ግን በግልጽ ይሁን። እንደማይሰማ ለሚወስደው ሰው ይነገር። ልጆቹም፣ የልጅ ልጆቹም ይወቁና ይሰናበቱት። «ጠፋ» ብሎ መዋሸት አይገባም። ሕፃን ልጅ ያረጀው ሲጠፋ ማንም እንዳልፈለገው ካየ ያንን አይረሳም።

አንድ ቃል ላይ ደግሞ እንድትጠነቀቁ እንፈልጋለን፤ «ሌሃርዲም» የሚለው ነው። በዕብራይስጥ ይህ ቃል ለቀዶ ሕክምና ወይም ለጥርስ ማጽዳት ለጊዜው ማስተኛት ማለትም ነው፣ ውሻውን በመርፌ ለዘለዓለሙ ማሳረፍ ማለትም ነው። ቃሉ አንድ ነው። እኛ በ10 ዓመታችን በባንክና በኩፓት ሆሊም ለወላጆቻችን ያስተረጎምን ልጆች፣ አንድ ቃል ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን። ቬተሪናሩ ወረቀት ሰጥቶ «ፈርሙ» ቢላችሁ፣ ገብቷችሁ ካልሆነ አትፈርሙ። «ይነቃል ወይስ አይነቃም?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትሄዱ ዕብራይስጥ የሚችል ልጅ አብሯችሁ ይሂድ፣ ወይም ስልክ ደውላችሁ ከሐኪሙ ጋር አገናኙት።

አለመስማት ብቻውን ውሻን ለመግደል ምክንያት አይሆንም። ውሻው የሚበላ፣ የሚነሳ፣ ስትገቡ ጭራውን የሚቆላ ከሆነ ገና ይኖራል። መብላት የተወ፣ መቆም ያቃተው፣ ሕመሙ በመድኃኒት ያልበረደለት ሲሆን ግን ያ ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱንም አያት ብቻቸውን አይወስኑት። ያ ውሻ ሲመጣ ያለቀሰው ልጅ፣ ሲሄድም መገኘት አለበት።

በመጨረሻ ስለ ሰው ጆሮ አንድ ነገር እንጨምር። ሰውን ከውሻ ጋር አናወዳድርም፣ ነውር ነው። ግን ይህን ጉዳይ ይዘን ቤት ስንገባ የምናየው አለ። ለውሻው ሁሉም ፊት ለፊት እየመጣ በእጁ ያናግራል፤ ገበታው ላይ ያሉት አባት ግን ወሬው ሲያመልጣቸው ዝም ብለው ፈገግ ይላሉ፣ ማንም ልብ አይላቸውም። «ሰማሁ» ይላሉ፣ አልሰሙም። ለውሻ ጆሮ የእርጅና መድኃኒት የለውም፣ ለሰው ግን ብዙ የሚደረግ አለ። ኩፓት ሆሊም የጆሮ ምርመራ አለ፣ የመስሚያ መሣሪያ አለ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ለመሣሪያውም ምን ያህል እንደሚታገዙ አብራችሁ ጠይቁ። የቤተሰብ ሐኪም ጋ ለደም ግፊት ስትሄዱ «ጆሮዬም ደክሟል» ማለት አያሳፍርም።

ልጆቻችሁ ለሚመጣው ሰንበት ሲመጡ፣ ከምሳ በኋላ ስልኩ ሳይወጣ፣ ይህን ወሬ ክፈቱ። አምስቱን ምልክት አንድ ላይ ወስኑ። የቺፑን ስልክ ማን እንደሚያስተካክል ወስኑ። ማታ የሚያወርደውን ወስኑ። ለውሻው ስም ብላችሁ ብቻ አይደለም፤ ደረጃ የምትወርዱት እናንተ ስለሆናችሁ ነው። ያልገባችሁ ወረቀት ካለ ወይም ልጆቹ አልሰማ ካሏችሁ፣ በሰፈራችሁ ያለውን ማኅበራዊ ሠራተኛ አነጋግሩ። ስለ ውሻ ነው ብላችሁ አትፈሩ፤ እኛ ሰምተነዋል።

እግዚአብሔር በጤና ያቆያችሁ። ሻባት ሻሎም።